የባሕር ዛፍ ቅጠል ቀለም

ይህን የምጽፈው አምቦ ውስጥ መኪናው በእኔ እጅ ያለፈ ሰው ሁሉ እንዲያነበው ብዬ ነው። አንብቦ ሲጨርስ ሊሰድበኝ ከፈለገ ጋራዡን ያውቀዋል፤ ወደ ጉደር መውጫ በስተግራ፣ የዛገ የውኃ ታንከር የተጋደመበት ግቢ። ይምጣ። መልስ የለኝም፣ ሻይ ግን እጋብዘዋለሁ።

ደምሴ እባላለሁ፤ መኪና ቀቢ ነኝ። ነገሩ የደረሰብኝ ሃምሳ ሁለተኛ ዓመቴን በያዝኩበት ጊዜ ነው። ከዚያ ዕድሜ ውስጥ ሠላሳውን የፈጀሁት ቀለም ሳማስል ነው። አዲስ አበባ ቀለም የሚደባልቀው ኮምፒውተር ነው ይባላል። እኛ ዘንድ ኮምፒውተሩ የቀቢው ዓይን ነው። የተጋጨ በር ሲመጣልኝ ነጩን፣ ጥቁሩን፣ ሰማያዊውን፣ ቢጫውን ጠብ ጠብ እያደረግሁ በእንጨት አማስልና ከድብልቁ ጥቂት አውራ ጣቴ ጥፍር ላይ እቀባለሁ። ከዚያ ጥፍሬን ከመኪናው ገላ ጋር አጠጋዋለሁ። ጥፍሬ ተለይቶ ከታየ ቀለሙ አልገጠመም፤ ጥፍሬ ከጠፋ ገጥሟል። "የደምሴ ጥፍር" በሹፌሮች ዘንድ እንደ ማኅተም ነበር። ከጊንጪ ድረስ መጥተው ወረፋ ይይዙ ነበር። እኔም፣ ለምን እዋሻለሁ፣ ይህ ወሬ ሲወራ ሰምቼ እንዳልሰማሁ መሆን ደስ ይለኝ ነበር።

ዓይኔ ግን ከድቶኝ ነበር። ከሁለት ዓመት በፊት ጀምሮ የመጪ መኪና መብራት ጭጋግ ለብሶ ይታየኝ ጀመር። የታጠበ ነጠላ ያልታጠበ ይመስለኛል። ሰማያዊ ካልሲ በአንድ እግሬ፣ ጥቁር በሌላው አድርጌ ስወጣ ባለቤቴ አልማዝ "አንተ ሰው፣ ዓይንህን ታየው" ትለኛለች፤ እኔ "አቧራ ነው" እላለሁ። አንድ የሚኒባስ ሹፌር ተንሸራታች በሩን ቀብቼ ሳስረክበው በእጁ ዳበስ አደረገውና "ቆንጆ ነው፣ እግዜር ይስጥልኝ" ብሎ ሄደ። ደንበኛዬ ነበር። ከዚያ ወዲህ ግን እኔ ጋ አልመጣም። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ይባላል። የእኔም ሆድ ያውቅ ነበር። ነገር ግን ቀለም የማይለይ ቀቢ ምን ይባላል? ሌላ ሥራ አላውቅም። ስለዚህ ጠዋት ጠዋት ጋራዡን ስከፍት ዛሬ ይታወቅብኝ ይሆን እያልኩ ሁለት ዓመት ቆየሁ።

በዚህ መሀል ነው ኦቦ ፈይሳ ከጌዶ የመጡት። ሰባ ስምንት ዓመት የሆናቸው፣ በወጣትነታቸው የመንገድ ሥራ ቀያሽ የነበሩ ሰው ናቸው። ጥቁር መነጽር አድርገዋል፣ ከዘራ ይዘዋል። ከኋላቸው በጭነት መኪና ላይ የተጫነች ባለ ሁለት በር የጃፓን ስፖርት መኪና አለች። ኮፈኗ ረጅም፣ ጀርባዋ አጭር ነው። ቡና ዓይነት የበር ቀለም በቡሩሽ ተለቅልቃለች። አብሮኝ የሚሠራው ገመቹ፣ የመኪና ቆርቆሮ አቃኝ ነው፣ አንድ ጊዜ ዞራትና "ይቺማ አፍንጮ ናት!" አለ። ስሟ እንደዚያው ሆኖ ቀረ።

"አካም ጅርቱ፣ ኦቦ?" ብዬ ደኅንነታቸውን ጠየቅኋቸው።

"ፈያ፣ ፈያ። ደምሴ የምትባለው አንተ ነህ? ባለ ጥፍሩ?"

"እኔ ነኝ።"

"ይቺን መኪና አዲስ ሆና ነው የገዛኋት" አሉ ፓራፋንጎዋን በመዳፋቸው እየዳሰሱ። "ኋላ ዘመኑ ተለወጠ። ስፖርት መኪና የሚነዳ ሰው በዓይን ይፈለግ ጀመር። የእህል ጎተራ ውስጥ አስገባኋትና አንድ ቀን በሬን ዘግቼ በቡሩሽ ቡናማ ቀባኋት፤ ሰው ቢያያት አሮጌ ቆርቆሮ እንድትመስል። ከዚያ በኋላ አርባ ዓመት ቆማለች። ሞተሯን ልጆቼ አሠርተውልኛል። አሁን የምፈልገው የፋብሪካ ቀለሟን ነው። የሚመስለውን አይደለም፤ ራሱን።"

"ራሱን ለማግኘት ናሙና ያስፈልጋል።"

ከኪሳቸው ወረቀት አወጡና ፈቱት። ውስጡ አንድ ለጋ የባሕር ዛፍ ቅጠል አለ፤ ያ ገና ያልረዘመው፣ አመድ የተነፋበት የሚመስለው ክብ ቅጠል። "ስገዛት ሰው ሁሉ የባርገሞ ቅጠል ይላት ነበር። እንደዚህ ናት። ደግሞ ዕቃ መጫኛው ውስጥ ምንጣፉን ግለጠው፤ ቡሩሼ ያልደረሰበት ቦታ አለ።"

ገለጥኩት። እጅ የምታህል የፋብሪካ ቀለም እዚያ ተቀምጣለች። እኔ ያየሁት አንድ ግራጫ ነገር ነው። ቅጠሉም ግራጫ ነው። "ይታየኛል፣ ቀላል ነው" አልኩ።

"እኔ ምንም አልቀረኝም" አሉ ኦቦ ፈይሳ፣ "ግን በፍርሃት ቀለም ተሸፍና ጥያት መሞት አልፈልግም። በዚያ ቀለም እንዳያት ብቻ ነው የምፈልገው። ዛሬ አሥራ አምስት ቀን እመጣለሁ።"

አሁን የማፍርበትን ልንገራችሁ። ሽማግሌው በከዘራቸው መሬቱን እየነካኩ፣ መኪናውን በእጃቸው እየዳሰሱ ሲሄዱ ስመለከት ልቤ ውስጥ ደስታ ገባ። ጥቁር መነጽር ያደረገ ሰው። የሚዳስስ ሰው። "እኚህ ሰውዬ አያዩም" አልኩ በልቤ። ቢያንስ በዚህ ሥራ አይታወቅብኝም ብዬ ተነፈስኩ። የማያይ ሰው መኪና መቀባት ለማያይ ቀቢ ምን ያህል እረፍት እንደሆነ የሚያውቅ እኔን የመሰለ ብቻ ነው።

ገመቹ የቡሩሹን ቀለም ፍቆ ሲያወርደው የፋብሪካው ቀለም አብሮ ተላጠ፤ ተጣብቀው ኖረዋል። ከምንጣፉ ሥር ካለችው እጅ የምታህል በቀር ቆርቆሮው ብቻ ቀረ። ይሄኔ ገመቹ ኮፈኑን ከፍቶ "ጋሽ ደምሴ፣ የጃፓን መኪና የቀለም ቁጥሩ ሞተሩ አጠገብ በተለጠፈ ብረት ላይ ይጻፋል አይደል? ቁጥሩን አዲስ አበባ ብንልከው ልኩን ቀለም ደባልቀው ይሰጡናል" አለኝ።

ሄድኩ። ብረቱን በጨርቅ ጠረግሁት። ጎንበስ አልኩ፣ ቀና አልኩ፣ ወደ ጎን ዞርኩ። ፊደል ይሁን ጭረት፣ ጭጋግ ነው። "ጠፍቷል" አልኩ። "ዝገት በልቶታል። ደግሞስ እኔ እያለሁ አዲስ አበባ ምን ያደርግልናል?"

ገመቹ ብረቱን አየ፣ እኔን አየ፣ ኮፈኑን ዘጋው። "እሺ" አለ።

መኪናዋ ልትቀባ ሦስት ቀን ሲቀራት ገመቹ አጎቱ ሞተውበት ለለቅሶ ወደ እንጭኒ ሄደ። ሲሰናበተኝ "የሥር ቀለሙን ብቻ ለብጣት፣ ዋናውን ስመጣ አብረን እንሠራዋለን" አለኝ። እሺ አልኩት። እሱ ግን ከበሩ እንደወጣ ሐሳቤን ቀየርኩ። ገመቹ ከመምጣቱ በፊት ከጨረስኩ ማን ይከራከረኛል? ያለቀ ሥራ ላይ ሰው ምን ይላል?

የሥር ቀለሙን የዚያኑ ቀን ለበጥኳትና በማግስቱ ጠዋት ዋናውን ቀለም ማማሰል ጀመርኩ። ነጭ በብዛት፣ ጥቁር በጥቂቱ፣ ቢጫ ለመዓዛ ያህል። ከዚያ ሰማያዊ። ያ ቅጠል በአመዱ ውስጥ ሰማያዊ እንዳለው ከልጅነቴ ጀምሮ አውቃለሁ፤ አምቦ ያደገ ሰው ባሕር ዛፍን አይረሳም። አንድ ጠብታ ጨመርኩ። ለውጡ አልታየኝም። ሁለት ጨመርኩ፤ አልታየኝም። ምን ዓይነት ደካማ ሰማያዊ ነው አልኩና ጣሳውን አዘንብዬ ጨመርኩ። ሳማስለው፣ ጥፍሬ ላይ ስቀባው፣ ከምንጣፉ ሥር ካለችው ቁራጭ ጋር ሳጠጋው፣ እየጨመርኩ፣ እያጠጋሁ፣ ከሰዓት በኋላ አሥር ሰዓት ሆነ። በመጨረሻ ጥፍሬ ጠፋ። ቁራጩ ላይ ሳስቀምጠው ጣቴ የት እንዳበቃ መለየት አቃተኝ። "ጎበዝ!" አልኩ ለራሴ። 

ማታ ቤት ገብቼ እጄን ስታጠብ አልማዝ ውኃ ታፈስልኛለች። አልማዝ ገበያ ውስጥ የጥለት ክር ትሸጣለች፤ ሸማኔዎች ቀለም ሲያምታቱ የሚጠይቁት እሷን ነው። ጣቴን አየችና ሳቀች።

"ዛሬ ደግሞ ወይን ጠጅ መኪና የሚያስቀባ ማን ተገኘ?"

"ምን አልሽ?"

"ጥፍርህን። ሰማያዊ ሆኖ ወይን ጠጅ የነካው። ሠርገኛ ነው እንዴ?"

ውኃው በእጄ ላይ ይፈሳል። እኔ እጄን አላንቀሳቅስም። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል ማለት ይህ ነው። "የአምፖሉ ብርሃን ነው" አልኳት። "በአምፖል ቀለም ይለወጣል።" እውነት ነው፣ ይለወጣል፤ ይህን የሙያ እውነት ይዤ ውሸት ሸፈንኩበት። አልማዝ ማንቆርቆሪያውን አስቀመጠችና ፎጣውን አቀበለችኝ፤ ፊቴን ግን ቀና ብላ አላየችም። እራት አልበላሁም። "ምነው?" ስትለኝ "ሆዴን" አልኳት።

በነጋታው ጠዋት ፀሐይ ስትወጣ ጋራዥ ሄድኩ። ጣሳውን ከፈትኩ፣ ጥፍሬን ቀባሁ፣ ከቁራጩ ጋር አጠጋሁ። ጠፋ። ለእኔ ጠፋ። ከበሩ ማዶ ሻይ የምትሸጥ ትዕግሥት የምትባል ሴት አለች። "ትዕግሥት፣ ነይማ፣ እነዚህ ሁለቱ አንድ ናቸው?" ማለት ብቻ ነበር የሚቀረኝ። አንድ ቃሏ ይበቃኝ ነበር። በሩ ድረስ ሄጄ ቆምኩ። እሷ ቀና ብላ "ጋሽ ደምሴ፣ ሻይ ላምጣ?" አለችኝ። "ኋላ" አልኳትና በሩን ዘጋሁት። መልሱን ፈራሁት። እስካሁን ሳስበው ከሁሉም የሚያሳፍረኝ ያ በር መዝጋቴ ነው።

ኮምፕሬሰሩን አስነሳሁ። መጀመሪያ ጣሪያዋን፣ ከዚያ በሮቿን፣ ከዚያ ያንን ረጅም ኮፈን። የዕቃ መጫኛውን የውስጥ ወለል ሳይቀር ነፋሁበት፤ ለናሙና የቆየችውን ቁራጭ ብቻ በወረቀት ሸፈንኳት። እጄ አልተሳሳተም። ዕንባ የሚባል የቀለም ጠብታ አንድም አልወረደም፤ ሠላሳ ዓመት የለመደ እጅ ነው። ሲደርቅ ደግሜ፣ ሲደርቅ ሠልሼ ለበጥኳት። ማታ ላይ በመብራት አብረቀረቀች። እጄ ደኅና ነው፣ ዓይኔ ምናልባት የፈራሁትን ያህል አይደለም፣ እያልኩ ራሴን ሳጽናና አደርኩ።

ገመቹ የመጣው ኦቦ ፈይሳ በተቀጠሩበት ቀን ጠዋት ነው፤ ከእንጭኒ ሌሊት ተነስቶ። ጥቁር እንደለበሰ በሩን ገፍቶ ገባ። ቆመ። መኪናዋን አየ። ጸጉሩን አከከ።

"ጋሽ ደምሴ" አለ ቀስ ብሎ፣ "ይሄ የሥር ቀለሙ ነው አይደል?"

ጨርቅ አንስቼ ወደ መስታወቷ ዞርኩ።  እሱም ደግሞ አልጠየቀኝም። ሄዶ አንድ መፍቻ አነሳና የሚያጠብቀው ብሎን ያለ ይመስል መሣሪያ ሳጥኑ ላይ አጎነበሰ። እንደዚያ ሆነን፣ እኔ ጨርቅ ይዤ ያልቆሸሸ መስታወት ስጠርግ፣ እሱ ምንም ሳይፈታ መፍቻውን ሲያገላብጥ፣ አራት ሰዓት ሆነ። በየመሀሉ ሚኒባስ ከበሩ ሲቆም ቀና እላለሁ። "አያዩም፣ ሽማግሌ ናቸው፣ አያዩም" እያልኩ እቆጥራለሁ። እንዲያውም ከደጅ ይልቅ ጣሪያው ሥር፣ ጥላው ውስጥ እንድትቆም ገፍቼ አስገባኋት።

ኦቦ ፈይሳ መጡ። ሰላምታ ተለዋወጥን። ተንኮሌን ቀጠልኩ፤ ገና ሳያዩዋት "ኦቦ፣ ልክ የፋብሪካዋን ሆናለች፣ ጥፍሬ እንኳ አልለያትም" አልኳቸው።

"እስቲ" አሉ። "ወደ ብርሃን አውጧት።"

ገመቹና እኔ ገፋናት። ፀሐይ አረፈባት። ኦቦ ፈይሳ ጥቁር መነጽራቸውን አወለቁ። ግራ ዓይናቸውን በመዳፋቸው ሸፈኑና አዩ። ረጅም ጊዜ አዩ። ከዚያ እጃቸውን አዛውረው ቀኙን ሸፈኑና አዩ። ተመልሰው ግራውን ሸፈኑ። ሦስተኛ ጊዜ ሲያደርጉት ገመቹ እኔን አየኝ፤ እኔ መሬቱን አየሁ።

"ደምሴ" አሉ። "አስቀድሜ ልነግርህ ይገባ ነበር። ሁለቱም ዓይኖቼ ሞራ ነበረባቸው። ቀኙን ባለፈው ዓመት አዲስ አበባ ተሠርቻለሁ፤ ይኸው አያለሁ። መነጽሩ ፀሐይ ስለሚከብደኝ ነው። ግራው ገና አልተሠራም።"

ጆሮዬ ውስጥ ኮምፕሬሰር የተነሳ መሰለኝ።

"ቀኙ ሲበራ ነው ጎተራ ገብቼ ምንጣፉን የገለጥኩት። ቀለሟን ሳያት አለቀስኩ። ለካ ለዓመታት ዓለም ሁሉ ቡናማ የሆነብኝ ዓለም ቡናማ ሆኖ አይደለም።" ቀረብ አሉኝ። "አሁን በግራ ዓይኔ ሳያት፣ መኪናዋ ልክ ናት። እንከን የላትም። በቀኝ ዓይኔ ሳያት ሌላ መኪና ናት።"

የያዝኩትን ጨርቅ አጣጠፍኩ።

"ኢልማ ኮ" አሉኝ፣ ልጄ ማለታቸው ነው፤ በሃምሳ ሁለት ዓመቴ ልጄ ያለኝ ሰው አልነበረም። "አንተ መኪናዬን በእኔ ግራ ዓይን ነው የቀባሃት።"

ከኪሳቸው አዲስ የባሕር ዛፍ ቅጠል አውጥተው ኮፈኑ ላይ አኖሩ። "ይለያል?" አሉኝ።

አየሁት። ጎንበስ ብዬ አየሁት። "አይለይም" አልኩ። 

"ለአንተስ?" አሉት ገመቹን።

ገመቹ ባርኔጣውን አውልቆ በእጁ ያጨማድደዋል። "ይለያል፣ ኦቦ" አለ። "በጣም ይለያል።"

ከዚያ በኋላ እንዴት እንደተቀመጥኩ አላውቅም፤ ብቻ ጎማ ላይ ተቀምጫለሁ። ሁሉንም ነገርኳቸው። የመብራቱን ጭጋግ፣ የሚኒባሱን በር፣ የቁጥሩን ብረት፣ የአልማዝን ሳቅ፣ ሻይ ሻጯን ላለመጥራት የዘጋሁትን በር። "አያዩም ብዬ ነው ሥራዎን የያዝኩት" አልኳቸው። ይህን ስናገር ዕንባዬ መጣ። በሰው ፊት አልቅሼ አላውቅም ነበር። ይቆጣሉ፣ መኪናቸውን ይወስዳሉ፣ ወሬው ከጌዶ እስከ ሆለታ ይደርሳል ብዬ ጠበቅሁ።

ኦቦ ፈይሳ ከዘራቸውን ተደግፈው አጠገቤ ቆሙ። "እኔስ? ይቺኑ መኪና በፍርሃት ቡሩሽ ይዤ አልለቀለቅኋትም? የፈራ ሰው እጅ የሚሠራውን አውቀዋለሁ። ሂን ሶዳቲን፤ አትፍራ። የእኔ ግራ ዓይን በሚመጣው ወር ቀጠሮ አለው። አብረን እንሄዳለን።"

"መኪናዋስ?"

"አርባ ዓመት የቆመች፣ ሁለት ወር ምን ትሆናለች?"

ሄድን። ሐኪሟ አየችኝና "እስካሁን እንዴት ነበር የምትሠራው?" አለችኝ። "በጸሎት" አልኳት። የሁለቱም ዓይኖቼ ሞራ እንደ በሰለ ገልጻ ቀኙን አስቀድማ ሠራችው። የዚያኑ ዕለት የኦቦ ፈይሳን ግራ ሠሩላቸው። ወንበር ላይ ጎን ለጎን ስንቀመጥ እሳቸው ግራቸው፣ እኔ ቀኜ ታሽጎ፣ "ሁለታችን ተደምረን አንድ ሰው ወጣን" ብለው ሳቁ። እኔ መሳቅ አልቻልኩም። ሲፈታ ጨለማ ቢሆንስ እያልኩ የወንበሩን ብረት ጨብጬ አደርኩ።

በነጋታው ሲፈቱልኝ መጀመሪያ ያየሁት የነርሷን ጋዋን ነው። ነጭ ነበር። አንባቢዎቼ፣ ነጭ ምን እንደሚመስል ረስቼ ነበር። ጋዋኑን አፍጥጬ አየሁ፣ እሷም ግራ ገብቷት ቆሻሻ የነካት መስሏት ታራግፈዋለች።

ደስታዬ የቆየው እስከ አምቦ መናኸሪያ ነው። ከሚኒባሱ ስወርድ ፊት ለፊቴ ያ ቀድሞ ደንበኛዬ የነበረው ሹፌር መኪና ቆሟል። መኪናው ነጭ ነው። ተንሸራታች በሩ ውኃ ሰማያዊ ነው። ሁለት ዓመት ሙሉ እንደዚያ ሆኖ ከተማውን ዞሯል። ወደ ቤት ስሄድ ሌላ አየሁ፣ ሌላ አየሁ፤ ባጃጅ፣ የቤት መኪና፣ የአንድ ጓደኛዬ ፒክ አፕ። ሰባት ቆጥሬ መቁጠር አቆምኩ። ሁሉም "ቆንጆ ነው፣ እግዜር ይስጥልኝ" ብለውኝ ነበር።

ጋራዥ ስገባ አፍንጮ ሸራ ለብሳ ቆማለች። ገለጥኳት። የማስታውሰው "በስመ አብ!" ማለቴን ነው። አልማዝ ሠርገኛ ያለችው ቀልድ አልነበረም። ከዚያ ኮፈኑን ከፈትኩና ያንን ብረት አየሁት። ሦስቱ ቁጥሮች ቁልጭ ብለው ተቀምጠዋል፤ ዝገት አጠገባቸውም አልደረሰም።

"ገመቹ" አልኩ፣ "ቁጥሩ አልጠፋም ነበር። ዋሽቼሃለሁ።"

"አውቃለሁ" አለ። ወደ መሣሪያ ሳጥኑ ሄዶ ክዳኑን ከፈተ። ከክዳኑ ውስጥ በጠመኔ ሦስቱ ቁጥሮች ተጽፈዋል። "ያኔውኑ አንብቤ ጽፌዋለሁ። ቀለሙን ከአዲስ አበባ አስመጥቼ ዋናውን አብረን ስንሠራ፣ ከድሮ ሥራ የተረፈ እሷን የሚመስል ቀለም ጣሳ ውስጥ አገኘሁ እልሃለሁ ብዬ ነበር።"

"ለምን አልነገርከኝም?"

"ሙያ ያስተማርከኝ አንተ ነህ። አንተ ጠፍቷል ስትል እኔ አለ ልበል? ይሉኝታ ያዘኝ።"

አልማዝም ማታ ስጠይቃት እንደዚያው አለች። ጥፍሬን አይታ የሳቀችው ሳታስበው አምልጧት ነው፤ ከዚያ መልሴን ሰምታ ደነገጠችና ተወችው። የሚኒባሱ ሹፌርም እንደዚያው። አንድ ከተማ ሰው በአክብሮት ተባብሮ ዓይኔን ሊያጠፋልኝ ነበር። እኔም ሙሉ ድርሻ ነበረኝ፤ እነሱ በይሉኝታ ዝም ሲሉ እኔ በፍርሃት በር እዘጋለሁ። አንድ ዓይኑ ያልበራለት ሽማግሌ ከጌዶ መጥቶ እውነቱን ባይነግረኝ ኖሮ ዛሬ ይህን የምጽፍበት ወረቀትም ነጭ መሆኑን አላውቅም ነበር።

ስለዚህ እናንተን አንድ ነገር እለምናችኋለሁ፤ ምክር አይደለም፣ ልመና ነው። ነገ ጠዋት ደጅ ወጥታችሁ የታጠበ ነጠላ ተመልከቱ። አንድ ዓይናችሁን ሸፍኑ፣ ከዚያ ሌላውን። ከተለየባችሁ ሐኪም ዘንድ ሂዱ። ሁለቱም አንድ ሆኖ ቢታያችሁም ብቻችሁን አትመኑት፤ የእኔም አንድ ነበር። አጠገባችሁ ያለ ሰው ጥሩና "ይህ ምን ዓይነት ነው?" በሉት። እናንተ ደግሞ የምትጠየቁት ከሆናችሁ፣ እባካችሁ ቆንጆ ነው አትበሉ።

አፍንጮን ግራ ዓይኔም ከተሠራ በኋላ ደግመን ቀባናት። በቁጥሩ የተደባለቀው ቀለም ከአዲስ አበባ መጣ፤ ከምንጣፉ ሥር ካለችው ቁራጭ ጋር ሳጠጋው ግን በትንሹ ደመቀ፤ ቁራጩ በዕድሜ ብዛት ሰከን ብላለች። ኦቦ ፈይሳ የትኛውን እንደሚፈልጉ ስጠይቃቸው "ዛሬ የሆነችውን" አሉ። አንድ ጠብታ ጥቁር፣ ግማሽ ጠብታ ቢጫ ጨመርኩ። ጥፍሬ ጠፋ። አላመንኩትም። ገመቹን ጠራሁት፣ ትዕግሥትን ከነሻይ ማንቆርቆሪያዋ ጠራኋት፣ መንገድ ላይ የሚያልፍ አህያ ነጂ ሳይቀር ጠራሁ። ማታም ጥፍሬን ሳላጥብ ቤት ገባሁና ምንም ሳልናገር ከአልማዝ ፊት ዘረጋሁት። ክር ትለይ ነበር። ቀና ብላ አየችውና "ባሕር ዛፍ" አለች። ከዚያ ነው እጄን የታጠብኩት።

ከዚያ አስቀድሞ፣ ያን የወይን ጠጅ ቀለም ከመኪናዋ ላይ ፍቀን ስናወርድ፣ ኦቦ ፈይሳ አንድ ነገር አዘዙኝ። ዕቃ መጫኛው ውስጥ፣ ከፋብሪካዋ ቁራጭ አጠገብ፣ ስንዝር የምታህል እንድተው። "ቡናማው የእኔ ነበር፤ እሱ ተፍቋል" አሉ። "ያንተ ይቆይ።" ወደ ጌዶ ስትሄዱ መንገድ ላይ የባሕር ዛፍ ቅጠል የመሰለች ረጅም አፍንጫ ያላት መኪና ካጋጠመቻችሁ፣ ሽማግሌው አይከፋቸውም፣ አስቁሟቸውና ምንጣፉን ገልጡ። ያቺን ስንዝር የቀባኋት እኔ ነኝ።